30.00 ያነበበው ዘንግ ኩሽኔታውን ለምን አልያዘም? ስለ ካሊፐርና ማይክሮሜትር አያያዝ

የቶርኖ ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ አባቶቼና ወንድሞቼ። በፍኖተ ሰላም በአንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት በቶርኖ ስሠራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ስሕተቴ የቱ ላይ እንደሆነ በግልጽ እንድታሳዩኝ ነው።

በጥር ወር መጀመሪያ፣ አዲሱ እህል ገብቶ ወፍጮ ቤቶች ያለ ዕረፍት በሚሠሩበት ሰሞን፣ አንድ ደንበኛ የተሰበረ የወፍጮ ዘንግ ይዘውልኝ መጡ። ዘንጉ በሁለቱም ጫፍ 6206 የሚባለውን ኩሽኔታ (የውስጥ ቀዳዳው 30፣ ውጭው 62 ሚሊሜትር የሆነውን) ስለሚቀበል መቀመጫዎቹ 30 ሚሊሜትር መሆን ነበረባቸው። ወፍጮ ቤታቸው በር ላይ ሰው ተሰልፎ ስለሚጠብቃቸው ሥራውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። የመጨረሻውን ስስ ልጠት እንደወሰድኩ ማሽኑን አቁሜ በዲጂታል ካሊፐር (ተንሸራታች መንጋጋ ባለው መለኪያ) ስለካው በአንደኛው ጫፍ 30.01፣ በሌላኛው 30.00 አነበበ። ኩሽኔታዎቹም በመዶሻ ቀላል ምት ገቡ። እኔም ሥራው እንደሰመረ አምኜ አስረከብኩ።

በአራተኛው ቀን ዘንጉ ተመልሶ መጣ። የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ከዘንጉ ጋር መዞሩን ትቶ በላዩ ላይ ሲንሸራተት ስለሰነበተ መቀመጫው ተልጎና ጠቁሮ ነበር። ያልተበላውን የመቀመጫውን ጠርዝ በዚያው ካሊፐር ስለካው 29.99 አገኘሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ወዲያው ከእጄ ተቀብሎ ሲለካው ደግሞ 29.96 አነበበ። አንድ ዘንግ፣ አንድ ካሊፐር፣ ሁለት ሰው፣ የሚሊሜትር ሦስት መቶኛ ልዩነት!

ሌላ ዘንግ በራሴ ወጪ መሥራት ይኖርብኛል፤ ከዚያ በፊት ግን ሦስት ነገር ልጠይቅ። ካሊፐሩ ተበላሽቶ ነው ወይስ እጃችን ነው የተለያየው? በመሳቢያችን ውስጥ ማንም የማያምነው ከ25 እስከ 50 ሚሊሜትር የሚለካ ማይክሮሜትር (በብሎን ጥርስ እየዞረ የሚለካ ረቂቅ መሣሪያ) ስላለ እሱን መጠቀም ይሻለኛል ወይ? መሣሪያው ትክክል መሆኑንስ መፈተሻ በሌለበት ሥራ ቤት እንዴት አረጋግጣለሁ?

የጣና ዳር ቶርኖ (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ ጥያቄህን ከልቤ ነው ያነበብኩት፤ በዚሁ በ6206 መቀመጫ ምክንያት እኔም በወጣትነቴ ዘንግ ተመልሶብኝ ያውቃልና።

ከሁሉ በፊት መሣሪያህ ምን ያህል ማየት እንደሚችል እንነጋገር። ዲጂታሉ ካሊፐር በመስኮቱ ላይ 0.01 ሚሊሜትር ስለሚያሳይ መቶኛን የሚያውቅ ይመስላል እንጂ አያውቅም። ጥሩ የሚባለው ባለ 150 ሚሊሜትር ካሊፐር እንኳን የሚፈቀድለት ስሕተት በግራም በቀኝም 0.02 ገደማ ነው፤ ርካሹ ደግሞ 0.03 ይደርሳል። ስለዚህ 30.00 ብሎ ሲነግርህ ትርጉሙ «ዘንጉ ከ29.97 እስከ 30.03 ባለው ውስጥ የሆነ ቦታ ነው» ማለት ነው። ለወፍጮ ዘንግ በተለመደው ጭነት የሚሰጠው ኬ6 የሚባለው ልክ (የሚፈቀደው ትንሹና ትልቁ የዘንግ መጠን) ለ30 ሚሊሜትር ከ30.002 እስከ 30.015 ነው። የተፈቀደልህ መንገድ ስፋቱ 13 ማይክሮን (የሚሊሜትር 13 ሺሕኛ) ብቻ ሆኖ ሳለ የካሊፐሩ ጥርጣሬ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ካሊፐርህ ባይበላሽም ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ እስከ 30.20 ድረስ ለመድረሻ ተጠቀምበት፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለማይክሮሜትሩ ተውለት።

ኩሽኔታው በቀላል ምት መግባቱም ሊነግርህ የፈለገው ነገር ነበረ። የ6206 የውስጥ ቀዳዳ ከ30.000 በታች እስከ 29.990 ድረስ ሆኖ ይሠራል፤ ከ30.000 አይበልጥም። ዘንግህ በእርግጥ 30.01 ቢሆን ኖሮ ኩሽኔታውን በዘይት ሳታሞቅ ወይም በመጫኛ ሳትገፋ በዋዛ አይገባልህም ነበር።

አንተና ባልደረባህ ሦስት መቶኛ የተለያያችሁት በእጃችሁ ነው። ካሊፐር የግፊቱን መጠን የሚወስንለት ነገር የለውም፤ የሚጨምቀው አውራ ጣትህ ነው። ዘንጉን በመንጋጋው ጫፍ ይዘህ ስትጨምቅ ተንሸራታቹ መንጋጋ በጥቂቱ ያዘምማል፣ ንባቡም ያንሳል። ዘንጉን ወደ ስኬሉ አስጠግተህ በመንጋጋው ሥር ያዘው፤ መንጋጋው ብረቱን ሲነካ አውራ ጣትህን አቁም፤ ከዚያ ካሊፐሩን በትንሹ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዝክ ትንሹን ንባብ ፈልግ። ባልደረባህ በጫፍ ይዞ ጨምቆ እንደነበር ባላይም እገምታለሁ።

አሁን ወደ ማይክሮሜትሩ። ማንም የማያምነው ማንም ስላልፈተሸው ይሆናል። ሣጥኑ ውስጥ 25 ሚሊሜትር የሆነች አጭር የብረት ዘንግ መኖር አለባት፤ መፈተሻው እሷ ናት። ሁለቱን የመለኪያ ፊቶች አጥራ፤ ንጹሕ ነጭ ወረቀት በመካከላቸው አስገብተህ በቀስታ ያዝና ጎትተህ አውጣው፤ ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ከቀረ ደግመህ አድርግ። ከዚያ የ25ቷን ዘንግ ለካ። 25.02 ካነበበ ማይክሮሜትሩ ሁለት መቶኛ ስለሚያበዛ ከምትለካው ሁሉ ላይ 0.02 ቀንስ፤ 24.98 ካነበበ ደግሞ 0.02 ጨምር። ቁልፉ ካለህ እጅጌውን (መስመሮቹ የተቀረጹበትን ቱቦ) በጥቂቱ አዙረህ ማስተካከልም ይቻላል፤ ይህን የምታደርገው ግን ስሕተቱ የቆሻሻ አለመሆኑን ሦስት ጊዜ ካረጋገጥክ በኋላ ነው።

ስትለካ ቅስቱን (የማይክሮሜትሩን ጎባጣ አካል) በአንድ እጅህ ይዘህ የማይንቀሳቀሰውን ፊት ከዘንጉ ሥር አሳርፈው። ከበሮውን (ቁጥር ያለበትን ተሽከርካሪ ክፍል) እያዞርክ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እጅህን ወደ ጫፉ ራቼት (ግፊቱን ወደሚወስነው ትንሽ መዞሪያ) አሻግር። ራቼቱን በዝግታ እያዞርክ ቅስቱን በዘንጉ ርዝመት በኩል በጥቂቱ ወዝውዘው፤ ፊቶቹ በትክክል ሲቀመጡ እጅህ ያውቀዋል። ራቼቱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ «ቀጭ» ሲል ቁም፤ እዚያው ሳታወጣው አንብብ። የግድ ማውጣት ካለብህ በመቆለፊያው ቆልፈህ በቀስታ አንሸራትተው፤ መሬት ላይ እንደሚጎተት ነገር አትጎትተው፣ ፊቱ ይፋቃልና።

መፈተሻ ስለሌለህ ደግሞ አንድ ብልሃት ልንገርህ። ከታመነ ሱቅ የተገዛ፣ ከፌስታሉ ያልወጣ ኩሽኔታ በእጅህ ያለ ርካሽ መመዘኛ ነው። የ6206 የውጭ ዙር ወገብ (ዲያሜትር) ከ62.000 አይበልጥም፣ ከ61.987ም አያንስም። የ6204 የውጭ ዙር ደግሞ ከ47.000 እስከ 46.989 ነው። 47ቱ ለማይክሮሜትርህ፣ 62ቱ ለካሊፐርህ ይሆናሉ። ሐሰተኛ ኩሽኔታ በገበያ ስለሚገኝ ግን ሁለት የተለያየ ስም ያላቸውን ለክተህ አስተያይ።

መምህርት (ደብረ ማርቆስ)

ጋሼ የጣና ዳሩ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው እርሳቸው ያላነሡትን፣ ለዚህ ዘንግ ግን ከእጅ ግፊት የማያንስ ምክንያት ነው ብዬ የማምነውን ነው።

ወንድሜ፣ በጽሑፍህ ውስጥ «የመጨረሻውን ልጠት እንደወሰድኩ ማሽኑን አቁሜ ለካሁት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ቆም አልኩ። ብረት ሲላጥ ይሞቃል፤ በተለይ ያለ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከተሠራ ለእጅ እስኪፋጅ ድረስ ይሞቃል። የዓለም የርዝመት ልክ ሁሉ የሚነገረው ዕቃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲሆን ነው። ብረት በአንድ ሜትር ርዝመት፣ በአንድ ዲግሪ 11.5 ማይክሮን ገደማ ይለጠጣል። ዘንግህ 50 ዲግሪ ደርሶ ከነበረ ከ20 ዲግሪ የ30 ዲግሪ ልዩነት አለውና 30 ሚሊሜትሩ 0.010 ሚሊሜትር ያህል ሰፍቶ ነበር ማለት ነው። የተፈቀደልህ 0.013 መሆኑን አስታውስ። ትኩስ ሆኖ በትክክለኛ ማይክሮሜትር 30.005 ቢያነብ እንኳን ሲቀዘቅዝ 29.995 ይሆናል፤ ከኩሽኔታው ጋርም ይለያያል። ስለዚህ የመጨረሻው አንድ ወይም ሁለት ልጠት ሲቀር ዘንጉን ተወውና ሌላ ሥራ ሥራ። ለብ ያለ መስሎህ እንኳን ከሆነ ከቶርኖው ብረት አካል ጋር በእጅህ አስተያየው፤ ሁለቱ እኩል ሲቀዘቅዙ ለካ።

ዘንጉም ማይክሮሜትሩም ብረት ስለሆኑ ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ከሰነበቱ የክፍሉ ሙቀት 20 ባይሆንም ችግሩ ጥቂት ነው፤ አብረው ይሰፋሉ፣ አብረው ይጠባሉ። አሉሚኒየም ግን ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ የአሉሚኒየም ፑሌጃ የምትሠራ ከሆነ ይህ አይሠራልህም። ማይክሮሜትሩን ለረጅም ጊዜ በእጅ ጨብጦ መቆየትም ቅስቱን ያሞቀዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ የሚለጠፈው የፕላስቲክ መያዣ የተደረገው ለዚሁ ነው።

መንጋጋው ለምን እንደሚያዘም ለተማሪዎቼ የማስረዳበትን ነገርም ላካፍልህ። ኤርነስት አቤ የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1890 እ.ኤ.አ. ባስቀመጠው መርሕ መሠረት፣ የሚለካው ዕቃና የመለኪያው ስኬል በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ሲሆኑ ጥቃቅን ዘመማ ስሕተት አያመጣም ለማለት ይቻላል፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ርቀታቸው በሰፋ ቁጥር ስሕተቱ ይበዛል። በካሊፐር ላይ ስኬሉ ከላይ፣ ዘንጉ ከታች ነው። በማይክሮሜትር ላይ ዘንጉ፣ ጥርሱና ስኬሉ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ዘንጉን ወደ መንጋጋው ሥር አስጠጋ የተባልከው ይህን ርቀት ለማሳጠር ነው።

አንድ የንባብ ስሕተት ደግሞ ከወዲሁ ላስጠንቅቅህ። የማይክሮሜትሩ ጥርስ በአንድ ዙር 0.5 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ ከበሮው ላይ 50 ክፍል ስላለ እያንዳንዱ ክፍል 0.01 ነው። 30 ሚሊሜትር አካባቢ ስትለካ በእጅጌው ላይ ያለው የግማሽ ሚሊሜትር መስመር ከከበሮው ጠርዝ ሥር ብቅ ያለ ወይም የተደበቀ ይመስልሃል፤ ተማሪዎቼ 29.51ን 30.01 ብለው፣ 30.01ን ደግሞ 29.51 ብለው የሚያነቡት በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህም መጀመሪያ በካሊፐር ለክተህ በግምት የት እንዳለህ ዕወቅ፤ ካሊፐርህ 30 ሲልህ ማይክሮሜትሩ 29.5 ሊልህ አይችልም። ዓይንህንም ከመስመሩ ፊት ለፊት አድርግ፤ ከጎን የተመለከተ ሰው አንድ ክፍል ይስታል።

ወፍጮ ጠጋኝ (ዳንግላ)

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ለወፍጮ ሥራ ይህን ያህል መጨነቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እኔ ለብዙ ዓመታት የሠራሁት አዲሱን ኩሽኔታ ራሱን እንደ መለኪያ በመጠቀም ነው። ዘንጉን ጥቂት በጥቂት እየላጥኩ ኩሽኔታውን በጫፉ ላይ እሞክራለሁ፤ ጫፉን ያዝ አድርጎ ሲቆም እተወዋለሁ፣ ከዚያ እመታዋለሁ። ደንበኛው ዘንጉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ማይክሮሜትር የሌለው ሰው ይህን ሥራ መተው አለበት እንዴ?

የጣና ዳር ቶርኖ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ የዳንግላው፣ ያነሡት መንገድ እኔም ያደግኩበት ስለሆነ አልንቀውም። ሦስት ነገሮችን ግን ልብ ቢሉልኝ። ኩሽኔታው ጫፉን ያዘ ማለት ጫፉ ላይ ጥቂት የቀረ የብረት ሾህ ያዘው ማለት ሊሆን ይችላል፤ የቀረው መቀመጫ ጠቦ ኖሮ አያውቁም። ዘንጉ በጥቂቱ ሾጣጣ ከሆነ፣ አብዛኛው ያረጀ ቶርኖ ደግሞ ሾጣጣ ነው የሚሠራው፣ ኩሽኔታው የሚነግርዎ የአንዱን ጫፍ ብቻ ነው። ትኩስ ዘንግ ላይ የተሞከረ ኩሽኔታም መምህርቷ ያሉት ነገር ይደርስበታል፤ ሲቀዘቅዝ ይለቃል።

ማይክሮሜትር የሌለው ሰው ሥራውን ይተው አላልኩም። ለመሸጋገሪያ ያህል በኩሽኔታው ይሞክር፤ ነገር ግን መቀመጫውን በሦስት ቦታ፣ ማለትም በመጀመሪያው፣ በመካከሉና በመጨረሻው፣ በየቦታውም ዘጠና ዲግሪ አዙሮ በካሊፐር ቢያስተያይ ሾጣጣነቱን ያያል። ካሊፐር ትክክለኛውን ልክ ባያውቅም፣ በአንድ እጅና በአንድ ግፊት ከተያዘ «ይህ ከዚያ ይበልጣል» የሚለውን በቂ አድርጎ ይናገራል።

የቶርኖ ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ሳምንት የተባልኩትን አንድ በአንድ ሞክሬዋለሁ፤ ያገኘሁትንም እነሆ።

መጀመሪያ ከፌስታሉ ያልወጣ 6206 ኩሽኔታ አምጥተን እኔና ባልደረባዬ አንዳችን የሌላውን ሳናይ የውጭ ዙሩን አሥር አሥር ጊዜ በካሊፐሩ ለካን፤ ውጤቱንም በየራሳችን ወረቀት ጻፍን። የእኔ ከ61.99 እስከ 62.02፣ የእርሱ ከ61.94 እስከ 61.98 ሆነ። ሲለካ ሳየው በእርግጥም በመንጋጋው ጫፍ ይዞ ይጨምቅ ነበር። ዕቃውን ወደ ሥር አስጠግቶ ግፊቱን ከቀነሰ በኋላ ንባባችን ከ61.98 እስከ 62.01 ባለው ውስጥ ገባ። ካሊፐሩን ስንጠራጠረው መክረማችን አሳዘነኝ።

ከዚያ ማይክሮሜትሩን አወጣሁት። የ25ቷን ዘንግ ስለካ 25.03 አነበበ፤ እኔም «እነሆ ተበላሽቷል» ልል ነበር። ወረቀቱን በፊቶቹ መካከል ስጎትተው ግን ቡናማ የደረቀ ዘይት ይዞ ወጣ። አራት ጊዜ ካጠራሁት በኋላ 25.01 ላይ ረጋ። ሁለት መቶኛው ቆሻሻ ነበር! የቀረውን 0.01 በሣጥኑ ክዳን ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ፤ የ6204 የውጭ ዙርም ስለካ 47.00 አለ፤ አንዱን መቶኛ ስቀንስ 46.99 ይሆናልና ልክ ነው።

አዲሱን ዘንግ 30.10 ላይ አድርሼ ማታ ተውኩት። ጠዋት፣ ብረቱ ለእጅ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ስስ ልጠት ወስጄ ከእያንዳንዱ በኋላ እየጠበቅኩ ለካሁት። የመሣሪያውን 0.01 ከቀነስኩ በኋላ በአንደኛው መቀመጫ በመግቢያው 30.01፣ በመጨረሻው ከ30.01 ጥቂት አለፍ ያለ፣ በሌላኛውም በመስመሮቹ መካከል ከ30.00 በላይ ያለ ንባብ አገኘሁ። ኩሽኔታው በቀዝቃዛው አልገባም፤ በዘይት አሙቄው ነው የገባው። ደንበኛው ከወሰዱት ስድስተኛ ቀኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረብኝ። የኩሽኔታ ቤቱን ቀዳዳ፣ 62 የሆነውን፣ በምን ልለካው? የካሊፐሩ የላይኛው ትንንሽ መንጋጋ አያሳምነኝም።

መምህርት (ደብረ ማርቆስ)

አለማመንህ ትክክል ነው። የላይኛው መንጋጋ ጫፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ክብ ቀዳዳን ሲለካ እውነተኛውን ወገብ አይነካም፤ በትንንሽ ቀዳዳ ላይ በግልጽ አሳንሶ ያነባል፤ በ62 ላይ ይህ ቢቀንስም የእጅ ስሕተቱ ይቀራል። ለሚንቀሳቀስ ዘንግ የቤቱ ልክ ብዙ ጊዜ ኤች7 የሚባለው የቀዳዳ ልክ ሲሆን ለ62 ከ62.000 እስከ 62.030 ነው።

ዳያል ያለው የቀዳዳ መለኪያ ካላገኘህ የቲ ቅርጽ ያለው ቴሌስኮፒክ ጌጅ (ክንዶቹ በስፕሪንግ የሚዘረጉ የቀዳዳ መለኪያ) ግዛ፤ ዋጋው ቀላል ነው። ጌጁን በቀዳዳው ውስጥ ትንሽ አጋድለህ አስገባና ክንዶቹን ልቀቃቸው፤ እጀታውን በጣም ሳታጠብቅ ቆልፈው። ከዚያ እጀታውን በማጋደል ክንዱን በቀዳዳው ወገብ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፈው፤ ሲያልፍ ራሱን ወደ ትክክለኛው ልክ ይገፋዋል። ደግመህ ካሳለፍከው ይጠብና ያሳስትሃል። ካወጣኸው በኋላ ከ50 እስከ 75 በሚለካ ማይክሮሜትር፣ በራቼቱ በጣም በቀስታ፣ ርዝመቱን ለካ። ይህን ሦስት ጊዜ አድርግ፤ ሦስቱ ንባቦች ከአንድ መቶኛ በላይ ከተራራቁ ማንኛቸውንም አትመን፣ ጌጁን አጥርተህ እንደገና አስገባ።